ስለ እውነተኛነት፤ ለሚተጫጩና ለተጋቡ ሰዎች የሚሆን ትምህርት

አንባቢ ሆይ፤ ሰው ባል ወይም ሚስት በሚፈልግበት ጊዜ ራሱን አሳምሮ ማሳየት ይወዳል። ይህም ነገር ክፉ አይደለም። ልብሱን አጥቦ፣ ጠጕሩን አበጥሮ፣ ንግግሩን አለዝቦ ወደ አማቶቹ ቤት የሚሄደውን ጐልማሳ ማንም አይነቅፈውም፤ እናትዋ የሰጠቻትን ነጠላ ለብሳ የምትወጣውንም ልጃገረድ የሚነቅፋት የለም። ፊትን መታጠብ አንድ ነገር ነው፤ የሌላ ሰው ፊት መለጠፍ ግን ሌላ ነገር ነው። የታጠበ ፊት ነገም ያው ፊት ነው። የተለጠፈው ግን አንድ ቀን መውደቁ ስለማይቀር ባለቤቱ ሌሊትና ቀን ሲጠብቀው ይኖራል። ይህ ጽሑፍ የሚናገረው ስለ ሁለተኛው ነው።

ብዙ ሰዎች ውሸት በትዳር ላይ የሚከፋው ስለሚገለጥ ብቻ ይመስላቸዋል። ስለዚህ «ካልተገለጠ ማንን ይጎዳል?» ይላሉ። ዳሩ ግን ነገሩን በጥልቅ ብንመረምረው ጕዳቱ ከመገለጡ አስቀድሞ የጀመረ ሆኖ እናገኘዋለን። እስኪ አስብ፤ አንድ ሰው ያልተማረውን ተምሬአለሁ፣ የሌለውን ገንዘብ አለኝ፣ የወለደውን ልጅ አልወለድሁም ብሎ አንዲት ሴት ወደደችው እንበል። የወደደችው ማንን ነው? የተማረውን፣ ባለ ገንዘቡን፣ ልጅ የሌለውን ሰው ነው። ያ ሰው ግን በዓለም ላይ የለም። ስለዚህ ባልየው በገዛ ቤቱ ተቀምጦ ሳለ፣ ሚስቱ ለሌላ ሰው የምትሰጠውን ፍቅር ከዳር ሆኖ እንደሚመለከት እንግዳ ይሆናል። «እወድሃለሁ» ባለችው ቍጥር በልቡ «ብታውቂኝስ?» ይላል። ውሸቱ እስከ መቃብር ሳይገለጥ ቢቀር እንኳ፣ ይህ ሰው አንድ ቀን ስንኳ ሳይወደድ ሞተ ማለት ነው። የተወደደው ስሙን የተሸከመው ሌላ ሰው ነበርና።

ቅዱሳት መጻሕፍት የአባቶችን ነውር ሸሽገው ስላላለፉ ይህን ነገር እጅግ አጥርተው ያሳዩናል። በኦሪት ዘፍጥረት 29ኛው ምዕራፍ የያዕቆብን ሠርግ ተመልከት። ያዕቆብ ራሔልን ወድዶ ለአባትዋ ለላባ 7 ዓመት አገለገለ፤ ፍቅሩም የዓመቶቹን ርዝመት አስረሳው። በሠርጉ ማታ ግን ላባ በራሔል ፈንታ ታላቂቱን ልያን ሰጠው፤ ያዕቆብም መታለሉን ያወቀው ሲነጋ ነው። ከዚህም የተነሣ ስለ ራሔል ዳግመኛ 7 ዓመት ማገልገል ሆነበት። ይህን ታሪክ የሚያነብ ሰው ሁሉ ለያዕቆብ ያዝናል። እኔ ግን ይልቁን ለልያ እንድታዝን እለምንሃለሁ። ውሸቱን የፈጠረው አባትዋ ነው፤ ዋጋውን ስትከፍል የኖረችው ግን እርስዋ ናት። በነጋ ጊዜ በባልዋ ፊት ላይ ያየችው ደስታ አልነበረም። ከዚያም በኋላ ልጅ በወለደች ጊዜ ባልዋ ከእንግዲህ ይወዳት እንደ ሆነ ተስፋ ታደርግ ነበር፤ ለልጆችዋ ያወጣችው ስም ይህን ናፍቆትዋን ይናገራል። እንግዲህ «ለልጄ መልካም ባል ላግኝላት ብዬ ጥቂት ብዋሽ ምን አለበት?» የሚል ወላጅ ቢኖር፣ ወደ ልያ ድንኳን ገብቶ የልጆችዋን ስም ይስማ።

ያዕቆብም ቢሆን ንጹሕ አልነበረም። ዓይኑ የፈዘዘውን አባቱን ይስሐቅን የፍየል ጠቦት ቆዳ በእጁና በአንገቱ ላይ አድርጎ አታልሎት ነበር። ኋላም በሸመገለ ጊዜ የገዛ ልጆቹ የዮሴፍን ቀሚስ በፍየል ደም ነክረው አታለሉት። በዚያ ቤት ማታለል እንደ ርስት ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፍ እናያለን።

አሁን ደግሞ ወደ አገራችን ልማድ እንመለስ። ጐልማሳው ሽማግሎች ይልካል፤ ሽማግሎቹም መጥተው «ልጅዎን ለልጃችን» ይላሉ፤ የልጅቱም ወገኖች ጠይቀን እንመልስላችኋለን ብለው ቀጠሮ ይሰጣሉ። ይህ ቀጠሮ እጅግ መልካም ሥርዓት ነው። በቀጠሮው መካከል ዘር ይጠየቃል፤ እስከ ሰባት ቤት ይቆጠራል፤ ዝምድና ከተገኘም ነገሩ ይፈርሳል። በዚህ ቆጠራ ላይ ሦስቱን ቤት ተናግሬ አራቱን ልደብቅ የሚል ሰው አይገኝም፤ ሁሉም ነውርነቱን ያውቀዋልና። ነገር ግን ስለ ሞቱት ቅድመ አያቶች ይህን ያህል ጠንቅቀን ስንጠይቅ፣ በሕይወት ስላለው ስለ ጐልማሳው ስለ ራሱ ምን ጠየቅን? ዕዳ አለበትን? ቀድሞ አግብቶ ነበርን? ልጅ አለውን? ያለችስ ቀድሞ ሚስት በሕግ ተለያይታዋለችን? ይጠጣልን? ልጅቱስ ይህን ጋብቻ በእውነት ትወዳለችን ወይስ ወላጆችዋን ፈርታ ዝም አለች? ብዙ ጊዜ ይህ ሁሉ ሳይነሣ ይቀራል፤ ቢነሣም «መልካም ልጅ ነው» በሚል አንድ ቃል ይዘጋል።

ስለ ሽማግሎችም ጥቂት ልናገር። የታረቁትን ለማስማማት፣ የሚጋቡትን ለማገናኘት ሲባል የሚነገር ትንሽ ውሸት እንደ ኃጢአት አይቈጠርም የሚል አሳብ በብዙዎች ዘንድ አለ። ይህን አሳብ እኔ ፈጽሞ አልቀበለውም። ሽማግሌ በሰው ቤት የሚሰማው ሽበቱ ስለሚታመን ነው፤ የማያውቀውን ነገር አውቃለሁ ብሎ ሲናገር ሽበቱን ለሌላ ሰው ዕዳ ዋስ አድርጎ አስያዘ። ትዳሩ በፈረሰ ጊዜ ግን ዋሱ ሲከፍል አይታይም። «ስለ ዘሩ እኔ እመሰክራለሁ፤ ስለ ኑሮው ግን ራሱን ጠይቁት» የሚል ሽማግሌ ብታገኝ፣ እርሱን ይዘህ ሂድ።

የሠርጉ ድግስም ከዚህ የራቀ አይደለም። ጐልማሳው ብዙ ሰው ለመጥራት ሲል ይበደራል፤ ሙሽራይቱም የጎረቤት ወርቅ ተውሳ ታጌጣለች። ወርቁ በሦስተኛው ቀን ይመለሳል፤ ብድሩ ግን በቤት ውስጥ ይቀራል። ሚስት በሠርጉ ቀን የበላችው ሥጋ ዋጋው ገና እንዳልተከፈለ የምትሰማው ባለ ገንዘቡ ደጅ በቆመ ጊዜ ከሆነ፣ ከዚያን ቀን ጀምሮ ባልዋ የሚያመጣውን ስጦታ ሁሉ በጥርጥር ታያለች። በድኅነት የምታፍር ጐልማሳ ሆይ፤ ሃያ ሰው ጠርተህ እንጀራና ወጥ አብላ፤ ለሙሽራይቱም የያዝኸውን ገንዘብ ቈጥረህ አሳያት። ይህን አይታ የምትሸሽ ሴት ብትኖር ከሠርጉ በፊት መሸሽዋ ለሁለታችሁም ትርፍ ነው።

ዛሬ ደግሞ ብዙ ሰው በሩቅ አገር ሆኖ ይተጫጫል፤ ሽማግሌውም ፎቶግራፍ ሆኗል። በአሜሪካ ወይም በአውሮፓ የሚኖር ሰው የራሱ ባልሆነ መኪና አጠገብ ቆሞ ፎቶግራፍ ይልካል፤ ሌሊት ሌሊት የሚሠራ መሆኑን፣ በአንድ ክፍል ከሦስት ሰው ጋር እንደሚኖር ግን አይጽፍም። ሙሽራይቱ እናት አባትዋን ትታ፣ ባሕር ተሻግራ፣ ያንን ክፍል ባየች ጊዜ የምትመለስበት መንገድ የላትም። የሚያሳዝነው ነገር፣ በአንድ ክፍል መኖር ነውር አለመሆኑ ነው። ሌሊት መሥራትም ክብር ነው። እውነቱ ቢነገራት ኖሮ ብዙዎቹ እሺ ብለው ይመጡ ነበር። በሌላ ወገን ደግሞ በዓረብ አገር በሰው ቤት የምትሠራ እኅት፣ ለእጮኛዋ የቤት መሥሪያ ብላ በየወሩ ገንዘብ ትልካለች፤ እርሱም «ግድግዳው ቆመ፤ ጣራው ደረሰ» ብሎ ይጽፍላታል። ከዓመታት በኋላ ስትመለስ ቤት የለም፤ መሠረትም የለም። እንዲህ ያለውን ሰው ውሸተኛ ብቻ ብሎ መጥራት ለስሙ ማድላት ይመስለኛል፤ የወጣትነትዋን ዘመን ወስዶባታልና።

ስለ ደዌም ነገር ሳልናገር ባልፍ ጥፋት ይሆንብኛል። ሰዎች ከሠርግ በፊት የደም ምርመራ የሚያደርጉበት ልማድ ኤች አይ ቪ ከመጣ ወዲህ በከተሞቻችን ተስፋፍቷል፤ ብዙ አብያተ ክርስቲያናትም የምርመራውን ወረቀት ይጠይቃሉ። ነገር ግን ወረቀቱን ለካህን ወይም ለመጋቢ ማሳየት ለእጮኛ ከመንገር ጋር አንድ አይደለም። ቫይረሱ በደሙ ያለበት ሰው የሚዋሸው አብዛኛውን ጊዜ ከክፋት ሳይሆን ከፍርሃት ነው፤ ብናገር ማን ያገባኛል ይላል። ይህ ፍርሃት ግን ካለፈው ዘመን የቀረ ነው። መድኃኒቱ በአገራችን ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ ክፍያ መሰጠት ጀምሯል። መድኃኒቱን ሳያቋርጥ የሚወስድና ቫይረሱ በምርመራ እስከማይታይ ድረስ የቀነሰለት ሰው በሩካቤ ወደ ባለቤቱ አያስተላልፍም፤ እናትም በሐኪም ምክር ከተመራች ጤነኛ ልጅ መውለድ ትችላለች። እንግዲህ እውነቱን የሚናገር ሰው ለማግባትና ለመውለድ ተስፋ አለው። እውነቱን የሚደብቅ ግን መድኃኒቱን ተደብቆ ሊውጥ፣ ቀጠሮውን ተደብቆ ሊሄድ ይገደዳል፤ ከዚያም አንድ ሁለት ቀን እያለ ያቋርጠዋል፤ ያን ጊዜ ራሱንም የሚወዳትንም ሴት ለአደጋ ያጋልጣል።

ምናልባት «ሕግ አለ፤ ያታለለኝን ሕግ ይፈርድበታል» ትል ይሆናል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ጋብቻ በሁለቱ ነጻና ሙሉ ፈቃድ እንዲጸና ያዝዛል፤ በመሠረታዊ ስሕተት የተሰጠ ፈቃድም ጋብቻውን ሊያስፈርስ እንደሚችል ይናገራል። ነገር ግን ስሕተቶቹ ጥቂቶች ናቸው፤ ስለ ተጋቢው ማንነት፣ የማይድን ወይም ወደ ልጅ የሚተላለፍ በሽታ ስለ መኖሩና እነዚህን ስለሚመስሉ ነገሮች ነው። ጊዜውም የተወሰነ ነው፤ ስሕተቱ ከታወቀ 6 ወር ካለፈ፣ ወይም ጋብቻው ከተፈጸመ 2 ዓመት ካለፈ አቤቱታው አይሰማም። ደመወዙን አብዝቶ የተናገረ፣ ዕድሜዋን የቀነሰች፣ ዕዳውን የደበቀ ሰው ወዴት ይከሰሳል? ዳኛ የሚደርስበት ውሸት ከብዙው ጥቂቱ ነው።

እንግዲህ እውነት ተናግሮ ያገባ ሰው ማን ነው ብለህ ብትጠይቅ ወደ መጽሐፈ ሩት እመራሃለሁ። ሩት የሞዓብ ሴት ነበረች፤ ባልዋ ሞቶባት ከአማትዋ ከኑኃሚን ጋር ወደ ቤተ ልሔም መጥታ ቃርሚያ እየለቀመች ትኖር ነበር። ቦዔዝ ባለጸጋ ነው፤ የባልዋም ዘመድ ነው። ሩት በሌሊት ወደ ዐውድማው መጥታ ያገባት ዘንድ በለመነችው ጊዜ ቦዔዝ ደስ እንዳለው ከንግግሩ ይታወቃል። ያን ጊዜ እሺ ብቻ ቢላት ማን ይሰማ ነበር? ሌሊት ነው፤ ምስክርም የለም። እርሱ ግን በዚያው ሰዓት፣ ከእኔ ይልቅ ለአንቺ የሚቀርብ ሌላ ዘመድ አለ ብሎ ነገራት። ሊያጣት የሚችልበትን ነገር በገዛ አፉ ተናገረ። በማግሥቱም በከተማይቱ በር ተቀምጦ 10 ሽማግሎች ጠራ፤ ያንን ዘመድም አስቀምጦ ርስቱን ትወስዳለህን ብሎ ጠየቀው። ሰውየውም እወስዳለሁ አለ። አንባቢ ሆይ፤ በዚህች ቃልና በሚቀጥለው ቃል መካከል ቦዔዝ ምን ተሰምቶት ይሆን? ከዚያ በኋላ ከርስቱ ጋር ሩትንም መውሰድ እንደሚገባው ነገረው፤ ሰውየውም የራሴን ርስት አበላሻለሁ ብሎ ፈራና ተወው። ቦዔዝ ርስቱን አስቀድሞ ሩትን ወደ ኋላ አድርጎ መናገሩን ብልጠት የሚሉ ሰዎች አሉ። ብልጠት ይሁን፤ ነገር ግን የደበቀው ነገር የለም፤ ሰውየው የወሰነው ሁሉን ሰምቶ ነው። ስለዚህ ቦዔዝ ሩትን ካገባ በኋላ ያ ዘመድ በደጁ ቢያልፍ የሚደነግጥበት ምክንያት አልነበረውም። ሩትም ማንም ሰው በገበያ ላይ ጠርቶ ስለ ጋብቻዋ አዲስ ነገር ሊነግራት አይችልም ነበር።

ከቦዔዝ ጋር አብርሃምን አስተያየው። እርሱ ሞትን ፈርቶ ሚስቱን ሣራን እኅቴ ናት አለ። ቃሉ ፍጹም ሐሰት አልነበረም፤ ከአባቱ እንጂ ከእናቱ አልተወለደችምና። ግን በእውነት ቃል ሐሰትን አሳመነ፤ ንጉሡ አቢሜሌክም ሳያውቅ ከበደል ጫፍ ደረሰ። ብዙዎቻችን የምንዋሸው እንዲህ ነው። «ሥራ አለህን?» ሲሉን «አለኝ» እንላለን፤ ሥራው ግን በሚመጣው ወር ያልቃል። «አግብተህ ታውቃለህን?» ሲሉን «ሠርግ አልደገስሁም» ብለን እንመልሳለን።

እዚህ ላይ አስተዋይ አንባቢ «እንግዲህ ሰው የልቡን ሁሉ አፍስሶ መናገር አለበትን?» ብሎ ይጠይቃል። ጥያቄው ተገቢ ነው። በሐዋርያት ሥራ 5ኛው ምዕራፍ ያለውን የሐናንያንና የሰጲራን ነገር በደንብ ብናነበው መልሱን እናገኛለን። እነርሱ መሬት ሸጠው ከዋጋው ከፊሉን ደበቁ፤ ሁሉን እንደ ሰጡም አስመሰሉ። ጴጥሮስ ግን መሬቱ ሳይሸጥም ከተሸጠም በኋላ የራሳቸው እንደ ነበረ ለሐናንያ ነግሮታል። በደሉ ማስቀረቱ ሳይሆን ሁሉን ሰጠን ማለቱ ነው። በትዳርም እንዲሁ ነው። ወንድምህ በምሥጢር የነገረህን ነገር ለሚስትህ የመንገር ግዴታ የለብህም፤ «ይህ የሌላ ሰው ምሥጢር ነው፤ አልነግርሽም» ብትላት አልዋሸህም። ያለፈውን ዘመንህን ጕዳይ ሁሉ ከነዝርዝሩ መተረክም አይገባም፤ አንዳንዱ ዝርዝር ሰሚውን ከማሠቃየት በቀር ጥቅም የለውም። ነገር ግን ውሳኔዋን ሊለውጥ የሚችለውን፣ በኑሮዋ ላይ የሚወድቀውን፣ በልጆችዋ ላይ የሚደርሰውን ነገር የመደበቅ መብት የለህም። ደግሞም ከዚህ ታሪክ ሌላ ነገር እንማራለን። ሐናንያና ሰጲራ በመካከላቸው አልተዋሹም፤ እንዲያውም እጅግ ተስማምተው ነበር። ባልና ሚስት በአንድ ሆነው ሌላውን ለማታለል ሲመክሩ አንድነታቸው የጸና ይመስላቸዋል፤ ነገር ግን ሚስትዋ ባልዋ ለአማቶቹ፣ ለአሠሪው፣ ለዕቁብ ዳኛው እንዴት አድርጎ እንደሚዋሽ አጠገቡ ሆና አይታለች። አንድ ቀን እርሱ ለእርስዋ ሲናገር ያንኑ ድምፅ ትሰማለች።

የቀረው ነገር፣ ደብቀው ለተጋቡት ነው። ይህን የምታነብ ባል ወይም ሚስት ሆይ፤ በልብህ ያለውን አንተ ታውቀዋለህ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ አባቶቻችን፤ እውነት ነው፤ እስኪጠራ ድረስ ያለውን ሌሊት ግን ማን እንደሚያድርበት ምሳሌው አይናገርም። ሌላ ሰው ሳይነግራት አንተ ንገራት። ስትነግራትም ሁሉን በአንድ ጊዜ ንገራት፤ ግማሹን ተናግረህ ግማሹን ብታስቀር፣ ቀሪው በተገለጠ ቀን የፊተኛው ኑዛዜህም እንደ ውሸት ይቈጠራል። ዕዳ ከሆነ ወረቀቱን አምጥተህ ፊትዋ አኑር። ልጅ ከሆነ የልጁን ስም፣ ዕድሜውንና የት እንደሚኖር ንገራት። በበዓል ዋዜማ፣ በእንግዳ ፊት፣ ወይም ታማ በተኛችበት ጊዜ አትንገራት። «አንቺ እንዲህ ስለ ሆንሽ ነው የደበቅሁሽ» የሚል ቃል ከአፍህ አይውጣ። አንቺም እኅቴ ሆይ፤ ባልሽ ቍጡ ቢሆንና ዱላውን የምትፈሪ ከሆነ ብቻሽን ሆነሽ አትናገሪ፤ የታመነ ሽማግሌ ወይም የነፍስ አባትሽ ባለበት፣ ማምሻሽንም ወደ ዘመድ ቤት አድርገሽ ተናገሪ።

ከነገርሃትም በኋላ ይቅር በይኝ ማለት ይገባሃል፤ ዛሬውኑ ይቅር በይኝ ማለት ግን አይገባህም። አንተ ይህን ነገር ለብዙ ዓመት ተሸክመህ ለምደኸዋል፤ ለእርስዋ ግን ገና የዛሬ ነው። ትጠይቅሃለች፤ መልስ። ነገም ያንኑ ጥያቄ ደግማ ትጠይቅሃለች፤ ሳትቈጣ ደግመህ መልስ። ወደ እናትዋ ቤት ሄጄ ጥቂት ቀን ልቀመጥ ብትል፣ ስንቅዋን አዘጋጅተህ ሸኛት፤ በሦስተኛውም ቀን ሽማግሎች ልከህ አታስቸኵላት።